ዛፌን ለነካችሁ ሁሉ

«ይሄ የገና ዛፍ ነው ወይስ የቆሻሻ ገንዳ?»

የቆሻሻ ገንዳ ቢሆንማ ቁራሌው ቀድሞህ ይደርስ ነበር። እሱ ዕቃ ሲያይ ያውቃል።

በዚህ ሰሞን ቤቴ የገባ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ዛፌን ያማል። ዛፉ አፍ የለውም፤ እኔ አለኝ። ጥፋቱን ልዘርዝርላችሁ፦ ሽቦ ላይ የተሰካ ቆርኪ፣ ቀለም የተቀባ የእንቁላል ቅርፊት፣ ዛላ በርበሬ፣ በክር የተደረደረ ፈንዲሻ፣ በአክርማና በአለላ የተሰፋ ኮከብ፣ ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ መልአክ። ወጪ? ክር ገዝቻለሁ።

ለመተረብ ደግሞ ፈቃድ አልጠይቅም። ድሮ በገና ሜዳ ላይ እሩሩን በዱላ ሲመቱ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ጌታው ፊቱን አያጠቁርም ነበር፤ የዕለቱ ሕግ ነው። እኔም በዚያው ሕግ እጫወታለሁ። ተራችሁን ጠብቁ።

መጀመሪያ ባለ ኳሱ። ይህ ጎረቤቴ ከመርካቶ አብረቅራቂ ኳስ በካርቶን ተሸክሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ከኳሶቹና ከእሱ ማን የበለጠ እንደተነፋ ለመለየት ተቸገርኩ።

«የእኔ የውጭ ዕቃ ነው፤ እንዳንቺ የቤት ሥራ አይደለም» አለኝ።

ያንተም የቤት ሥራ ነው፤ የሌላ ሰው ቤት።

ላውሻ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ጀርመን፣ የቱሪንጊያ ደን ውስጥ። የመስታወት ኳስን ለዓለም ያስለመደችው እሷ ናት፤ ነገሩ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ትልቅ ፋብሪካ ከታየህ ተወው። አባት ጠረጴዛው ላይ በሚነድ ነበልባል መስታወቱን ያለሰልስና እፍ ይላል፤ እናት ውስጡን ብርማ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ልጆች ተደርድረው ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ ሴቶቹ ቅርጫቱን በጀርባቸው አዝለው ዞነበርግ ለሚባለው ከተማ ነጋዴዎች ያስረክባሉ። የሽሮ ሜዳ ጥልፍ ጠላፊ መንገድ ላይ ብታገኛቸው ኖሮ ቋንቋ ባይገባትም አንድ ጥያቄ አታጣም፦ «አንቺንም በቁጥር ነው የሚከፍሉሽ?»

ውልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ በ1880 እ.ኤ.አ. ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ በነበረው ሱቁ ይህን ኳስ ሽጥ ሲባል «ማን ይገዛዋል?» ብሎ እምቢ አለ። ስንት ተለምኖ የ25 ዶላር ያህል ወሰደ። በሁለት ቀን አለቀ። ቆይቶ ራሱ ለግዢ እስከ ጀርመን ሄደ። ስለዚህ በሰው የቤት ሥራ የሳቅኸው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ልዩነቱ እሱ ሳቁን ቶሎ አቆመ።

«ያም ሆነ ይህ የእኔ ያምራል!»

ያምራል። ግን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ፖም ነው። የላውሻ ሰዎች ኳስ ከመንፋታቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1605 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግን ያየ አንድ መንገደኛ ጽፎታል። ሰዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ ጥድ አቁመው ከባለ ቀለም ወረቀት ጽጌረዳ እየቆረጡ ይሰቅሉበት ነበር፤ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ ብልጭልጭ የወርቅ ወረቀትና ስኳርም ይጨምራሉ። ቀይዋ ድቡልቡል ኳስ የዚያች ፖም ምትክ ናት። ያንተ ደግሞ መስታወት እንኳ አይደለም። መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ነው፤ መስታወቱም ፖም ይመስል የነበረ ነው። ይህን ሰቅለህ የእኔን እውነተኛ በርበሬ «ማስመሰያ» ብለህ ትሰድባለህ!

እርግጥ እኔም ፖም ልሰቅል አስቤ ነበር። የጨንቻን ፖም ዋጋ ጠይቄ ስመለስ ዓይኔ ጓዳ ካለው ዛላ በርበሬ ላይ አረፈ። ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ አናቱ ላይ ክር ለማሰር የተፈጠረ እጀታ አለው። «በርበሬ በዚህ ዋጋ ዛፍ ላይ!» ብላችሁ የጮኻችሁ ሰዎች፣ አልጣልኩትም እኮ፤ አቆየሁት። በዓሉ ሲያልፍ ወርዶ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይፈጫል። እስቲ አንተ ኳስህን ለዶሮ ወጥ አቁላላው! አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፦ ዛፌን አቅፎ ፎቶ የተነሣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይሽ። ባለፈው አንዱ አሽቶ፣ በዓሉ ልቡን ነክቶት ያለቀሰ መስሎን ስናጽናናው ነበር።

ቀጥሎ እትዬ። ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ዛፉን ከላይ እስከ ታች ገመገሙ፣ አማተቡ።

«ልጄ፣ ጾም ተይዞ እንቁላል?»

እንቁላል አይደለም እትዬ፤ ቅርፊት ነው። ውስጡ ኅዳር 15 ሳይገባ፣ ጥቅምት ላይ ተበልቶ አልቋል። እንቁላል በጠበስን ቁጥር ጠርዝ ላይ መስበሩን ትቼ ሁለቱን ጫፍ በመርፌ እበሳ ነበር፤ የታችኛውን ሰፋ አድርጌ። መርፌውን ወደ ውስጥ ሰድጄ አስኳሉን ወጋ ወጋ ካደረግሁ በኋላ ከላይ እፍ ስል በታች ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማለቅለቅ፣ አዝቅዝቆ ማድረቅ ነው። ቀለሙ እህቴ ልትጥለው የነበረ የጥፍር ቀለም ነው፤ እንኳን እንቁላል ጥፍርም ላይ አያምርባትም ነበር።

«ማንጠልጠያውስ በምን ገባ?» አሉ እትዬ። አማትበው ሲያበቁ ባለሙያ ሆኑ ማለት ነው።

ብልሃቱ እሱ ነው። የክብሪት እንጨት ለሁለት ይሰበርና ግማሹ ወገቡ ላይ በክር ይታሰራል። በቀዳዳው በቁመቱ ይገባል። ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ውስጥ ላይ አግድም ይጋደማል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት አይወጣም። አንዳንድ እንግዳ እንዲህ ነው፤ ሲገባ ቀጭን ነው፣ ውጣ ሲሉት ይጋደማል። እትዬ ይህችን ለማን እንዳልኳት ገባቸው መሰለኝ፣ ወደ ሶፋው አየት አደረጉ።

«ዘንድሮ የዘገየች ምን ታድርግ?»

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለበት ቤት በጾምም እንቁላል አይታጣም። ለልጁ ሲጠበስ ቅርፊቱ ለዛፉ ይደርሳል። እፍ ሲሉት ለሁለት የተሰበረም አይጣል፤ ግማሹ ቅርፊት ጭድ ይጎዘጎዝበትና ግርግም ይሆናል፤ ሕፃኑ ከጥጥ ይጠቀለላል። የዘንድሮው ዛፌ ላይ ያሉት ግርግሞች ብዛት እኔ ስንት እንቁላል እንደሰበርኩ ይናገራል፤ እሱን መቁጠር ክልክል ነው።

«አንቺስ እፍ ስትዪ ከንፈርሽን ሳይነካው ቀረ?»

ነክቶት ይሆናል እትዬ። እርስዎ ግን ትናንት ከቅዳሴ ሲመለሱ ያቺን የሰው ልጅ ከነአጥንቷ ሲበሏት ከንፈርዎን ሳይነካዎት ቀረ?

ሳቁና ተቀመጡ። ቶናው ሲደርስ ሁለት ቅርፊት ጠየቁኝ። ለልጅ ልጆቼ ነው አሉ። ሰጠኋቸው፤ ክብሪቱን ግን ከቤትዎ ብያለሁ።

ጋሼ ከበድ ያለውን ይዘው መጡ። «እረኞች ተጽፈዋል። ሰብአ ሰገል ተጽፈዋል። ይህ ጥድ የት ላይ ነው የተጻፈው?»

የትም አልተጻፈም ጋሼ። ግርግም ተጽፏል፤ ኮከብ ተጽፏል፤ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ተጽፈዋል። ጥድ የለም። ዶሮም የለችም። ግን በበዓሉ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ብልቷ ወጥታ ስትቀርብ «ምዕራፍና ቁጥሯን አሳዩኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«የፈረንጅ ነዋ!»

እሱን አልከራከርም፤ የፈረንጅ ነው። ገና ያለ ጥድ ሙሉ ገና ነው። ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ከጥድ ኳስ አልጠበቁም። ነገር ግን ጋሼ፣ ይህን ሲሉኝ የተደገፉት አጥር ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ የአውስትራልያ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው የገባው። ዛሬ ማገርዎንም፣ አጥርዎንም፣ ለጉንፋንዎ የሚታጠኑትንም እሱ ችሎ «የእኛ ዛፍ» ይባላል። የእኔ ጥድ ጥግ ይዞ ሁለት ሳምንት ቢቆም መኖሪያ ፈቃድ ይጠየቅ?

ጋሼ ቢያውቁበት የሚያሸንፉኝ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ «ዛፉን ቆርጠሽው ነው?» ቢሉኝ። አልቆረጥኩም። የአጥር ጥድ ሲከረከም የወደቀ ቅርንጫፍ ነው፤ አሸዋ በተሞላ ባልዲ ቆሞ ባልዲው ነጠላ ለብሷል። አገር በቀሉን ጥድ ለሁለት ሳምንት ፎቶ ብሎ ከሥሩ የሚቆርጥ ካለ ግን እሱን ለመተረብ ምላሴን ለጋሼ አውሳለሁ።

«ታዲያ የእኛ የሆነ ምን አለበት?» ሲሉ ኮከቡን አሳየኋቸው። እናቴ ናት የሰፋችው፤ ሰፌድ ስትሰፋ ከተረፋት አክርማና አለላ፣ በወስፌ። የጀርመንና የስካንዲኔቪያ ሰዎች ከስንዴ አገዳ ኮከብ አስረው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ያምራልም። እናቴ ግን ያንን በፎቶ ሳሳያት «ሳይጨርሱት ነው እንዴ የሰቀሉት?» አለችኝ። ጋሼ ኮከቡን አገላብጠው አዩና ስለ መጽሐፍ ማንሣቱን ተዉት። ባለቤታቸው ስፌት ታውቃለች፤ ቤታቸው ገብተው ምን እንዳሏት ግን አልሰማሁም።

ከሠፈራችን ወጣቶች አንዷ ደግሞ፦ «ጥጥ የለውም? በረዶ የሌለው የገና ዛፍ!» አለችኝ። ይህን ያለችው የፀሐይ መነጽር አድርጋ፣ በታኅሣሥ ቀትር፣ ጥላ ፍለጋ ገብታ ነው።

የኔ እመቤት፣ በረዶ ካማረሽ ራስ ዳሸን ውጪ፤ እዚያ አልፎ አልፎ ይጥላል። ጥጥ መብራት ሽቦ ላይ ሲጠመጠም በረዶ አይደለም፤ የእሳት ማቀጣጠያ ነው። እኔ ፈንዲሻ ሰካሁ። አሜሪካኖችም በድሮ ዘመን ፈንዲሻ በክር እየሰኩ ይሰቅሉ ነበር፤ ቡና አጠገብ እንደሚበተን የነገራቸው ሰው ሳይኖር። ለመሰካት ትኩሱ አይሆንም፤ መርፌ ሲነካው ይፈረካከሳል። አድሮ ለስለስ ሲል ነው። ዘይትም ስኳርም አይነካው፤ አለዚያ ዛፉን ጉንዳን ያከብረዋል። ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ የነበረው በረዶ ለምን ቀለጠ ላላችሁኝ፣ የእህቴን ልጅ ሆድ ጠይቁ።

«ቆርኪ! ዛፍሽ ሰክሯል!»

ቆርኪው ያንተ ነው። በራፌ ላይ ጠጥተህ የጣልከውን ነው የለቀምኩት። ዛፉ ከሰከረ አጣጪው አንተ ነህ። በመዶሻ ጠፍጥፌ ጥርሱን አስተኝቼዋለሁ፤ በሚስማር በስቼ ሽቦ ላይ ሰካሁት፤ በር ሲከፈት ይንሿሿል። ካንተ የወጣ ነገር ደስ የሚል ድምፅ ሲያሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይኸው ሰው መች ይተዋል፣ «እንደ ሱቁ ብልጭልጭ ክር ግን አይሆንም» አለ። ያ ብልጭልጭ ክር አሜሪካ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ ከእርሳስ ነበር የሚሠራው፤ ከምንጽፍበት ሳይሆን ከመርዘኛው ብረት። ለልጆች ያሰጋል ተብሎ ነው በ1972 የቀረው። የእኔ ብልጭልጭ ከቸኮላት ልባስና ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብር መሳይ ወረቀት ነው። ሲጋራ በሕይወቱ የሠራው ደግ ሥራ ቢኖር እሱ ነው፤ እሱንም ያሠራሁት እኔ ነኝ።

የወረቀቱ መልአክም ተተርቧል። ክንፉ የተቆረጠው ከደብተር ጀርባ ስለሆነ የማባዣው ሰንጠረዥ ተጽፎበታል። «መልአክሽ ሒሳብ ይማራል እንዴ?» አለኝ አንዱ ባለ ዕዳዬ።

ይማራል። ያንተን እያባዛ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሣን፣ ተረት ጸሐፊው የዴንማርኩ አንደርሰን በ1860 እ.ኤ.አ. ሁለት ባለ ቀለም ወረቀቶችን አጣጥፎ፣ በመቀስ ሰንጥቆ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ እያሳለፈ የልብ ቅርጽ ሠርቷል፤ ዴንማርኮች እስከ ዛሬ በዛፋቸው ላይ ይሰቅሉታል። ያን ያህል ተረት የጻፈ ሰው መቀስ ለመያዝ ካላፈረ አንተ በምን ታፍራለህ? ማጣበቂያ አትግዛ፤ ዱቄት በውሃ በጥብጠህ እሳት ላይ ወፈር ሲል ሙጫ ነው። ወረቀት ካጣህ ይህን ዓምድ ቀድደው። ተነብቦ ከሚጣል ተሰቅሎ ይታይ።

«ዱቄት ለጌጥ? በዚህ ኑሮ?» ያለችኝ እውነቷን ነው፤ ስለዚህ ለሊጡ የተጠቀምኩት ነቀዝ የቀደመንን ዱቄት ነው። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ ውሃው እስኪያያዝ ድረስ ጠብ ጠብ። ይዳመጥና በስኒ አፍ ይቆረጣል፤ ሳይደርቅ በጭራሮ ይበሳል፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ እየተገላበጠ ያደርቀዋል። ቫርኒሽ ካልቀመሰ በክረምት እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። ነቀዙም ዘንድሮ ከቤተሰቡ ጋር በዓሉን ዛፍ ላይ ያከብራል።

ከላይኛው ፎቅ ያለው ደግሞ፦ «የእኔ ዛፍ መብራቱ ይዘፍናል።»

አውቃለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. የኤዲሰን ባልደረባ ጆንሰን ኒው ዮርክ ቤቱ ውስጥ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች ዛፉ ላይ ሲያበራ ያየው ተደነቀ። ዜማ ስላልጨመረበት ጎረቤቶቹም በሰላም ተኙ። ያንተን ዛፍ አንድ ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግም የሚያስታግሰው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፤ መብራት እንዲጠፋ የጸለይኩት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው።

ከቨርጂኒያም ተረብ ደርሶኛል፤ በቪዲዮ። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ወደ ዛፉ አዙሮ፦ «እኛ እዚህ እውነተኛ ዛፍ ነው፤ ጌጡም የትልቅ ሱቅ ነው። ያንቺ ምንድን ነው እሱ?»

ዛፉን መቼ ገዛኸው?

«ትናንት።»

ትናንትማ የፈረንጁ ገና ካለፈ ሳምንት ሞልቶታል። እስቲ አብረን እናስላ፦ የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ነው። በማግስቱ ሱቁ ሁሉ ጌጡን በግማሽ ዋጋ ያወጣል። ያንተ ገና ግን ታኅሣሥ 29 ነው። አዲሱ ዓመታቸው ሲገባ ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ለቆሻሻ መኪና ያጋድሙታል። አንተ ያን ዛፍ ገዛኸው ወይስ አነሣኸው?

ምስሉ ቆመ። «ኔትወርኩ ነው» አለ።

ኔትወርኩ ደኅና ነው። ቅርንጫፉ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ስም የተጻፈበት ጌጥ ቀርቷል፤ እሱን አውርድ። አላፈርኩብህም። ገንዘብህን ቆጥበህ የሰው ዛፍ አንሥተህ ስታከብር የእኛ ቤት ልጅ መሆንህን ነው ያረጋገጥኩት። ያፈርኩት «ትናንት ገዛሁ» ስትል ነው።

ሳትስቅ የገባች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዋናው መንገድ ላይ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አላት። ቡናም አልጠጣም አለች። ቆርኪውን አለፈችው፣ በርበሬውን አሸተተችው፣ የእናቴን ኮከብ ፈትታ በመዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«ማን ነው የሠራው?»

እናቴ።

«ሃምሳ ብትሰፋልኝ አንዱን በስንት ትሰጪኛለሽ?»

ምን ብለሽ ልትሸጪው ነው?

«የውጭ ነው ብዬ ነዋ! አለዚያ ማን ይገዛኛል?»

እንግዲያው በዶላር ክፈዪን።